እግርዎን ሲያቃጥልዎ፦ "የነርቭ ቫይታሚን" ከመግዛትዎ በፊት

በዛሬው የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን በብዙ ቤተሰብ ውስጥ የሚሰማ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በግምት የሚታከም አንድ ችግር እናነሳለን። እርሱም የእግርና የእጅ መደንዘዝ፣ ማቃጠልና መጠቅጠቅ ነው።

በከተማችን በድሬዳዋ፣ ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ "እግሬን እሳት እሳት ይለኛል"፣ "ጣቶቼ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል"፣ "ሌሊት አንሶላ ሲነካኝ እንኳ ያመኛል" የሚሉ አባቶችና እናቶች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ መድኃኒት ቤት ጎራ ብለው "የነርቭ ቫይታሚን" ይጠይቃሉ። ሌሎች ደግሞ ጅዳ ወይም ዱባይ ላለ ልጃቸው ደውለው ያስልካሉ። ከእነዚህ አንዳንዱ ይሻለዋል። ሌላው ለዓመታት ቢውጥም ለውጥ አያይም። ጥቂቱ ደግሞ ጭራሽ እየባሰበት ይሄዳል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ቫይታሚን ነርቭን የሚጠግነው ነርቩ የታመመው በዚያው ቫይታሚን እጥረት ሲሆን ነው። ስለዚህ ክኒኑን ከመጠየቅ በፊት የሕመሙን ምክንያት መጠየቅ ይቀድማል።

የዳር ነርቭ ሕመም ምንድን ነው?

አንጎላችንና ሕብለ ሰረሰራችን ከቀረው አካላችን ጋር የሚገናኙት በነርቮች አማካኝነት ነው። ነርቭ እንደ ስልክ ሽቦ ነው ቢባል አያሳስትም። ሙቀቱን፣ ሕመሙንና ንክኪውን ወደ አንጎል ያደርሳል፤ ከአንጎል የመጣውን ትእዛዝ ደግሞ ለጡንቻ ያቀብላል። ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ውጭ ያሉት ነርቮች ሲጎዱ ሐኪሞች ፔሪፈራል ኒውሮፓቲ ይሉታል፤ እኛ የዳር ነርቭ ሕመም እንበለው።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሁለቱም እግሮች ጣቶች ነው። ረጅሙ ሽቦ ቀድሞ ስለሚጎዳ ነው። ከዚያ ካልሲ እንዳጠለቁ ያህል ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቆይቶም የእጅ ጣቶች ላይ ይመጣል። መጀመሪያ የሚያቃጥልና የሚጠቀጥቅ ሲሆን፣ እየቆየ ሲሄድ ግን ስሜት ያጠፋል። አደገኛው ደረጃ ይህ ነው። የሚያመው እግር ባለቤቱን ያስጨንቀዋልና ሐኪም ዘንድ ይወስደዋል። የማያመው እግር ግን ሚስማር ረግጦም ዝም ይላል።

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። ዋነኛው የስኳር በሽታ ነው። ከዚህ ሌላ የቫይታሚን ቢ-12 ወይም ቢ-1 እጥረት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የኩላሊት ሕመም፣ የኤች አይ ቪ ሕመም፣ የሥጋ ደዌ፣ እንዲሁም አንዳንድ የሳንባ ነቀርሳና የካንሰር መድኃኒቶች ይገኙበታል። እንግዲህ አስተውሉ፦ ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ በቫይታሚን የሚድኑት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

ቫይታሚን በእርግጥ የሚያድንበት ጊዜ

በቫይታሚን እጥረት ለሚመጣ የነርቭ ሕመም ቫይታሚኑ ራሱ መድኃኒት መሆኑን ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ክርስቲያን አይክማን የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ይሠራ ነበር። በዚያ ቤሪቤሪ የተባለ እግርን የሚያሰንፍ በሽታ ተስፋፍቶ ነበር። ሐኪሙ ገለባው ተፈትጎ ነጭ የሆነ ሩዝ ብቻ የሚመገቡ ዶሮዎች እግራቸው ሲከዳቸው፣ ያልተፈተገ ሩዝ ሲሰጣቸው ደግሞ ሲያገግሙ ተመለከተ። በገለባው ውስጥ የነበረው ንጥረ ነገር ዛሬ ቫይታሚን ቢ-1 የምንለው ነው። አይክማንም በ1929 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

ከዚህ የቀረበ ምሳሌም አለ። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ከእርሷ እርዳታ ታገኝ የነበረችው ኩባ ከባድ የምግብ እጥረት ገጠማት። እ.ኤ.አ. ከ1991 መጨረሻ እስከ 1993 ድረስ ከ50,000 በላይ ሰዎች የዓይናቸው ወይም የእግርና የእጃቸው ነርቭ ተጎዳ። መንግሥት በ1993 ለመላው ሕዝብ ቫይታሚን ማደል ሲጀምር አዳዲስ ታማሚዎች በፍጥነት ቀነሱ።

ከሁለቱ ታሪኮች የምንማረው አንድ ነው። የጎደለ ነገር ሲሞላ ነርቭ ያገግማል። ያልጎደለ ነገር ላይ መጨመር ግን በሞላ ጀሪካን ላይ ውኃ እንደመቅዳት ነው።

ሜትፎርሚን የሚወስዱ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ

የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ይህን ክፍል በጥሞና ያንብቡልን። ሜትፎርሚን በዓለም ዙሪያም ሆነ በአገራችን ለ2ኛው ዓይነት የስኳር በሽታ በብዛት የሚታዘዝ ጥሩ መድኃኒት ነው። ይሁን እንጂ ለዓመታት ሲወሰድ፣ በተለይም መጠኑ ከፍ ያለ ሲሆን፣ አንጀት ቫይታሚን ቢ-12ን ከምግብ የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ጉበታችን ለዓመታት የሚበቃ ቢ-12 ስለሚያከማች እጥረቱ ቶሎ አይታወቅም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳመለከተው ከ5 ዓመት በኋላ የቢ-12 እጥረት የታየው ሜትፎርሚን ከሚወስዱት በ4.3 በመቶው ላይ ሲሆን፣ ከማይወስዱት ደግሞ በ2.3 በመቶው ላይ ነው። በ2022 የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ለእጥረቱ የተጋለጡ የሜትፎርሚን ተጠቃሚዎች የቢ-12 መጠናቸው በየጊዜው እንዲታይ አሳስቧል።

ችግሩ የቢ-12 እጥረትም ስኳርም እግርን የሚያደነዝዙት በተመሳሳይ መንገድ መሆኑ ነው። "ስኳር ስላለብኝ ነው" ተብሎ ሲታለፍ፣ በቀላሉ ሊታከም የሚችለው እጥረት ተደብቆ ይቀራል። ከዘገየ ደግሞ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ለጥቂት ዓመታት ሜትፎርሚን ወስደው እግርዎ ከደነዘዘ ለሐኪምዎ እንዲህ ይበሉ፦ "ቢ-12 ጎድሎኝ እንደሆነ ይታይልኝ።" የቢ-12 የደም ምርመራ በማይሠራበት ቦታ ሐኪሙ የቀይ ደም ሕዋሳትን መጠን፣ የአመጋገብዎን ሁኔታና የመድኃኒት ታሪክዎን አገናዝቦ ይወስናል። በራስዎ ውሳኔ ግን ሜትፎርሚኑን አያቋርጡ።

ኦሜፕራዞልን የመሳሰሉ የጨጓራ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ፣ የጨጓራ ቀዶ ጥገና ያደረጉ፣ በዕድሜ የገፉና ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማያገኙ ሰዎችም ለዚህ እጥረት የተጋለጡ ናቸው።

አንድ ምልክት እናስታውስዎ። ለውዱእ ፊትዎን ሲታጠቡ ዓይንዎን በጨፈኑ ቅጽበት የሚንገዳገዱ ከሆነ፣ ወይም በጨለማ ሲራመዱ እግርዎ የት እንዳረፈ የማያውቁ ከሆነ ችላ አይበሉት። ሚዛን የሚጠብቀው ነርቭ መጎዳቱን ሊያመለክት ይችላል። ድካም፣ የቆዳ መገርጣት፣ የምላስ መቁሰልና የማስታወስ ችሎታ መቀነስም ከቢ-12 እጥረት ጋር አብረው ሊታዩ ይችላሉ።

እጥረቱ ከተረጋገጠ ሕክምናው ቀላል ነው። የነርቭ ምልክት ላለበት ሰው ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ በመርፌ ይጀምራሉ። ቀይ ቀለም ያላት መርፌ ይህችው ናት። ለብዙዎች ግን በቀን 1,000 ማይክሮግራም የሚዋጥ ክኒንም ደም ውስጥ ያለውን ቢ-12 ይሞላል። "መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም" የሚለው አስተሳሰብ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትና ቢ-6

አይሶናያዚድ የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሰውነት ቫይታሚን ቢ-6ን እንዳይጠቀም ያደርጋል። ስለዚህ ለነርቭ ጉዳት ለተጋለጡ ሕመምተኞች፣ ማለትም ለነፍሰ ጡሮች፣ ለስኳር ሕመምተኞች፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለና ምግብ ለተጎዱ፣ ፓይሪዶክሲን የተባለ የቢ-6 ክኒን አብሮ ይታዘዛል። መጠኑ ለመከላከያ በቀን ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም ብቻ ነው። በሽታው ሳይዛቸው ለመከላከያ አይሶናያዚድ ለሚወስዱም እንዲሁ ነው።

ይህች ትንሽ ክኒን ቸል ልትባል አይገባም። እግር መቃጠል ከጀመረ ደግሞ የነቀርሳ መድኃኒቱን አቋርጦ ቤት መቀመጥ ትልቅ ጥፋት ነው። ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሰው ይናገሩ፤ ባለሙያው የቢ-6ን መጠን ያስተካክልልዎታል።

መድኃኒቱ ራሱ በሽታ ሲሆን

አሁን ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር እንንገራችሁ። ቢ-6 ሲጎድል ነርቭን እንደሚጎዳ ሁሉ ሲበዛም ይጎዳል። ምልክቱም አንድ ዓይነት ነው፦ መደንዘዝ፣ ማቃጠል፣ መንገዳገድ።

አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው ቢ-6 ከ1.3 እስከ 1.7 ሚሊግራም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች በቀን ከ2,000 እስከ 6,000 ሚሊግራም ቢ-6 ይወስዱ የነበሩ 7 ሰዎች እጅና እግራቸው ደንዝዞ ያለ እርዳታ መራመድ እስኪቸግራቸው መድረሳቸውን አሳወቁ። ቫይታሚኑን ሲያቆሙ ተሻላቸው። ከዚያ ወዲህ በጣም ባነሰ መጠንም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል እየታወቀ መጣ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ለአዋቂ ሰው የቀኑን ጣሪያ ከ25 ሚሊግራም ወደ 12 ሚሊግራም ዝቅ አድርጎታል።

እንግዲህ ቤትዎ ያለውን ብልቃጥ አንሥተው ጽሑፉን ይመልከቱ። ቢ-1፣ ቢ-6ና ቢ-12ን አጣምረው ከያዙት "የነርቭ ቫይታሚኖች" መካከል በአንዷ ፍሬ ውስጥ 100 ወይም 200 ሚሊግራም ቢ-6 ያላቸው አሉ። ሐኪም ለአጭር ጊዜ ሲያዝዘው የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። ያለ ትእዛዝ በየቀኑ፣ ለወራትና ለዓመታት ሲወሰድ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውየው እግሩ ይደነዝዘዋል፤ ክኒኑን ይጨምራል፤ ክኒኑ ድንዛዜውን ይጨምራል። በላዩ ላይ ከውጭ የመጣ መልቲ ቫይታሚንና "የጉልበት" ዱቄት ሲታከልበት የቢ-6ው ድምር የት እንደሚደርስ ማንም አይቆጥረውም። ከምግብ የሚገኘው ቢ-6 ግን አይጎዳም፤ ስለዚህ ምግብዎን አይፍሩ።

በተመሳሳይም ፎሊክ አሲድን ብቻውን በብዛት መውሰድ የቢ-12 እጥረት ያመጣውን የደም ማነስ አስተካክሎ ምልክቱን ሊደብቅ ይችላል። ከውስጥ ግን የነርቩ ጉዳት ይቀጥላል። ሽንት ቢጫ ሲሆን "ቫይታሚኑ ሠራ" የሚሉም አሉ። ቢጫ የሚያደርገው ከሰውነት የተረፈው ቫይታሚን ቢ-2 ነው፤ ስለ ነርቭዎ የሚናገረው ነገር የለም።

ስለ አልፋ ሊፖይክ አሲድስ?

ከውጭ በሚላኩ ብልቃጦች ላይ "አልፋ ሊፖይክ አሲድ" የሚል ጽሑፍ አንብበው ይሆናል። በጀርመን ለስኳር ሕመምተኞች የነርቭ ሕመም ለረጅም ዓመታት ሲታዘዝ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በ181 ሰዎች ላይ ለ5 ሳምንታት የተደረገ ሙከራ ማቃጠሉንና ሕመሙን እንደሚያስታግስ አሳይቶ ነበር። ነገር ግን ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ማስረጃ ገምጋሚ በ2024 ባወጣው ግምገማ፣ 816 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 3 ሙከራዎች መርምሮ ከ6 ወር በኋላ በምልክቶቹ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከምንም የማይቆጠር ወይም ጥቂት ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ስለዚህ ለልጆች ትምህርት ወይም ለደም ስኳር ምርመራ የሚውል ገንዘብ ለዚህ ብልቃጥ ቢወጣ የሚያዋጣ አይመስለንም።

ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽና ማርስ? በቤታችን የተከበሩ ናቸው፤ በምግብ መልክ መጠቀሙም ባልከፋ። ነገር ግን የተጎዳ ነርቭን ይመልሳሉ የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም። ጥቁር አዝሙድና አብሽ በብዛት ሲወሰዱ ከስኳር መድኃኒት ጋር ተደምረው ስኳርን ሊያወርዱ ስለሚችሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ማር ደግሞ ስኳር መሆኑን አይርሱ።

ቫይታሚን የማይደርስባቸው ምክንያቶች

የነርቩ ሕመም ከስኳር ከሆነ ዋናው መድኃኒት ስኳሩን መቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ በሆነው ታላቅ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ 1ኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ስኳራቸውን አጥብቀው ሲቆጣጠሩ የነርቭ ሕመም በ60 በመቶ ቀንሷል። በ2ኛው ዓይነት ላይ ጥቅሙ አነስ ቢልም አለ። የማቃጠሉን ስቃይ ለማስታገስም እንደ አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲንና ዱሎክሰቲን ያሉ በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች አሉ። እነዚህ ሕመሙን ያበርዳሉ እንጂ ነርቩን አይጠግኑም፤ ሌሊት መተኛት መቻል ግን ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው የሥጋ ደዌ ነው። ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ያለው የቢሲዲሞ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመናውያን እርዳታ የተቋቋመው ለዚህ በሽታ ታማሚዎች ነበር። በሽታው ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ቆዳ ላይ ቀለሙ የፈዘዘና ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካዩ፣ አብሮም እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ፣ ቫይታሚን እየዋጡ ጊዜ አያባክኑ። የሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል። መድኃኒቱም ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ ይሰጣል። የሚያስፈራው መዘግየቱ ነው፤ በወቅቱ ካልታከመ የሞተ ነርቭ አይመለስምና።

ከገበታችን የምናገኘው

ቢ-12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ከእንጀራ፣ ከሽሮና ከጎመን አይገኝም። አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ስለሆነ በየቀኑ ሥጋ መብላት ግድ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ ጉበት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ የላም ወይም የግመል ወተት ቤተሰቡን ይደግፋል። የግመል ወተት ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ብሩሴሎሲስን የመሰለ በሽታ እንዳያመጣ ግን አፍልተው ይጠጡት። በሜትፎርሚን ምክንያት እጥረት ለገባ ሰው ምግብ ብቻውን ላይበቃ እንደሚችልም ልብ ይበሉ።

ቢ-1 በምስር፣ በባቄላ፣ በአተር፣ በጤፍና ባልተፈተገ እህል ይገኛል። ከጠዋት እስከ ማታ ነጭ ሩዝ፣ ፓስታና ነጭ ዳቦ ብቻ የሚበላበት ቤት ከሆነ ሩዙን ከምስር ወይም ከባቄላ ጋር ማቅረብ ይጠቅማል። ጫት የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋም የታወቀ ነው። ከምሳ በኋላ ጫት ላይ ተቀምጦ እራቱን በሻይና በስኳር የሚተካ ሰው ከገበታው የሚቀርበት ቫይታሚን ብቻ አይደለም።

ክኒን ሲገዙ ልብ የሚሉት

አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመዘገበውንና የመጠቀሚያ ጊዜው ያላለፈበትን ከፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ይግዙ። በድሬዳዋ ሙቀት ፀሐይ ላይ የዋለ ብልቃጥ ይዘቱ ሊበላሽ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የካፕሱል ቅርፊት ብዙውን ጊዜ ከጄላቲን ይሠራል። ጄላቲን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ሊሆን ይችላል። ሐላል መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ያለውን፣ ከዕፀዋት የተሠራ ቅርፊት ያለውን ወይም ደረቅ ክኒኑን ይምረጡ። የቢ ቫይታሚኖች በደረቅ ክኒንም ስለሚገኙ በዚህ መቸገር አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ የሚወስዱትን ሁሉ፣ ከዘመድ የተላከውን ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ለሐኪምዎ ያሳዩ።

አራተኛ፣ በረመዳን በቀን አንዴ የሚወሰድ ቫይታሚን ከኢፍጣር በኋላ ሊወሰድ ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ግን ስለ ጾሙና ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ረመዳን ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።

አምስተኛ፣ ታገሱ። የተጎዳ ነርቭ ሲያድግ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ነው። እጥረቱ ቢሞላም መሻሻሉ ወራት ሊወስድ ይችላል።

በቤትዎ የሚደረግ ምርመራና የውዱእ ሰዓት

ስሜት መጥፋቱን ያለ ምንም መሣሪያ ማወቅ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ አገር በኢፕስዊች ሆስፒታል ሐኪሞች ይፋ የተደረገ ቀላል ዘዴ አለ። አባትዎን ወይም እናትዎን ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ያድርጉ። ከዚያ በጣትዎ ጫፍ የአውራ ጣታቸውን፣ የመካከለኛዋን ጣትና የትንሿን ጣት ጫፍ በሁለቱም እግሮች ለ1 ወይም ለ2 ሴኮንድ ብቻ በቀስታ ይንኩ። አይጫኑ፤ አይምቱ። በተነኩ ቁጥር "ቀኝ" ወይም "ግራ" ይበሉ። ከ6ቱ ንክኪዎች 2 ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማቸው የእግራቸው ስሜት ቀንሷልና በድል ጮራ፣ በሳቢያን ወይም በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ተቋም ይታዩ።

ስሜቱ ለቀነሰ እግር ከማንኛውም ቫይታሚን ይልቅ የሚጠቅመው ጥበቃ ነው። በዚህ ረገድ ሙስሊም ትልቅ ዕድል አለው። እግሩን በየቀኑ ደጋግሞ ያጥባልና። ከውዱእዎቹ በአንዱ እንኳ የውስጥ እግርዎንና የጣቶችዎን መካከል በዓይንዎ ይመልከቱ። ማየት ካልቻሉ መስታወት ወይም የልጅ ልጅ ይጠቀሙ። ስንጥቅ፣ ቀለሙ የተለወጠ ቦታ ወይም ውኃ የቋጠረ እብጠት ይፈልጉ። ከታጠቡ በኋላም በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት በደንብ ያድርቁ።

በበጋ ጣሪያ ላይ የዋለ የሮቶ ውኃ የፈላ ያህል ይሞቃል። እግርዎ ስለማይነግርዎ በክርንዎ ይለኩት። በጁሙዓ ቀን፣ በቀትር፣ የመስጊዱን ግቢ ንጣፍ በባዶ እግር አያቋርጡ፤ ጫማዎን እስከ መግቢያው ድረስ ያድርጉ፣ ወይም ወፍራም ካልሲ ይልበሱ። ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት ገልብጠው ያራግፉት፤ ጠጠርና ሚስማር ከዚያ ይወጣልና። የመስጊድ ኮሚቴዎችም ለአረጋውያን በግቢው ላይ ምንጣፍ ቢዘረጉና ለውዱእ የሚቀመጡበት መቀመጫ ቢያዘጋጁ ብዙ እግር ከቁስል ይድናል።

ሳይዘገዩ የሚሄዱበት ጊዜ

ድንዛዜው በአንድ ጎን ብቻ በድንገት ከመጣ፣ ድክመቱ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከእግር ወደ ላይ ከወጣ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ወይም በደነዘዘ እግር ላይ ቁስል፣ እብጠት ወይም ጥቁረት ከታየ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። "አላመመኝም" ብሎ መቆየት የእግር መቆረጥን ያስከትላል። የማያመው ነርቩ ስለሞተ እንጂ ቁስሉ ቀላል ስለሆነ አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ የምናስታውሳችሁ ሦስት ጥያቄዎችን ነው። ነርቤ የታመመው በምን ምክንያት ነው? የጎደለኝ ቫይታሚን አለ ወይ? የምውጠው ክኒን ውስጥ ምን ያህል ቢ-6 አለ? እነዚህን ጠይቆ ክኒን የሚገዛ ሰው ገንዘቡንም እግሩንም ይጠብቃል። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን፣ ለጤነኞችም ዓፊያውን ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም።